ሆዱ ሞልቶ በረሃብ መሞት፦ ፕላስቲክ የባሕር እንስሳትን እንዴት ይጎዳል?

መግቢያ

ስለ ባሕር እንስሳት ልጽፍ ተነስቼ ከቅርጫ ብጀምር አትገረሙብኝ። ባለፈው ፋሲካ ሰፈራችን ውስጥ ለቅርጫ የተገዛ አንድ በሬ ነበር። ቁመናው ጥሩ ነው፤ ሥጋው ግን ሳሳ ያለ ነው። ዋጋው ቀነስ ስላለ ነው የተገዛው። ታርዶ ጨጓራው ሲከፈት አራጁ ከውስጡ አንድ የተድበለበለ ነገር ጎትቶ አወጣ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባንም። ውሃ ሲፈስበት ለካ ፌስታል ነው! አንድ ሁለት ብቻ አይደለም፤ ጥቁሩም፣ ቢጫውም፣ ሰማያዊውም ከማዳበሪያ ክርና ከሲባጎ ጋር ተጠላልፎ የኳስ ያህል ሆኗል። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው "አይ ምስኪን! ለካ ሆዱ ሞልቶ ነው ሲራብ የኖረው" አሉ።

በዓሉ አለፈ፤ የአዛውንቱ ንግግር ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ኮሌጅ ተመልሼ ለኢኮሎጂ ኮርስ ስለ ውቅያኖስ ብክለት ሳነብ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ መሀል ስለሚኖሩ የባሕር ወፎች የተጻፈው ነገር ልክ የዚያ በሬ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። እኔ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ብዙዎቻችሁም እንደኔ ሳትሆኑ አትቀሩም። የዚያን በሬ ጨጓራ ያየ ሰው ግን የባሕር ወፏ ነገር አይከብደውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፕላስቲክ የባሕር እንስሳትን በምን በምን መንገድ እንደሚጎዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንስሳቱ ለምን እንደሚበሉት ማስረዳት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ "እንስሳ አይደል፣ ምን ያውቃል?" የሚል ነው። ይህ መልስ ግን ትክክል አይደለም። እንስሳው ምግቡን አሳምሮ ያውቃል። ችግሩ ፕላስቲኩ ያንኑ የሚያውቀውን ምግብ መስሎ መምጣቱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት "ዓ.ም." ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመንገድ ዳር እስከ ውቅያኖስ

እንደሚታወቀው ፕላስቲክ በብዛት መመረት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1950 በመላው ዓለም የተመረተው 2 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር፤ በ2015 ግን 380 ሚሊዮን ቶን ገደማ ደርሷል። ሮላንድ ጌየርና የሥራ ባልደረቦቹ በ2017 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ እስከ 2015 ድረስ በዓለም ላይ 8.3 ቢሊዮን ቶን ፕላስቲክ ተመርቷል። ከዚህ ውስጥ ቆሻሻ ሆኖ ከተጣለው እንደገና ተቀልጦ ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ጄና ጃምቤክ የመሩት ሌላ ጥናት ደግሞ በ2010 ብቻ ከ192 የባሕር ጠረፍ ካላቸው አገሮች ከ4.8 እስከ 12.7 ሚሊዮን ቶን የሚሆን ፕላስቲክ ወደ ባሕር እንደገባ ገምቷል።

ጉዞው ቀላል ነው። ከመንገድ ዳር ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ባሕር። በዚህ ላይ ከመርከብና ከዓሣ አጥማጅ ጀልባ በቀጥታ የሚጣለው አለ።

ባሕር ከደረሰ በኋላስ? እዚህ ላይ ስለ ዴንሲቲ የተማርነውን እናስታውስ። የባሕር ውሃ በሚሊ ሊትር 1.025 ግራም ገደማ ይመዝናል። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊንና የማዳበሪያ ከረጢት የሚሠራበት ፖሊፕሮፕሊን ከዚህ ቀላል ስለሆኑ ይንሳፈፋሉ። የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት የተባለው ግን 1.38 ገደማ ስለሆነ ይሰምጣል። ዶርም ውስጥ በባልዲ ውሃ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን ከፍታችሁ ውሃ ሙሉበትና ልቀቁት፤ ጠርሙሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ክዳኑ ላይ ይቀራል። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክዳኑ በኋላ ወፎቹ ሆድ ውስጥ እናገኘዋለን።

የሚንሳፈፈው ፕላስቲክ የባሕር ሞገድ በወሰደው ይሄዳል። በዓለም ውቅያኖሶች ላይ በነፋስና በመሬት መሽከርከር ምክንያት ክብ እየሠሩ የሚዞሩ አምስት ታላላቅ የውሃ ሽክርክሪቶች አሉ፤ ተንሳፋፊ ነገር ቀስ በቀስ ወደ መሀላቸው ይሰበሰባል። ቻርልስ ሙር የተባለ አሜሪካዊ የጀልባ ካፒቴን በ1997 ከሃዋይ ወደ ካሊፎርኒያ ሲመለስ ለቀናት የፕላስቲክ ስብርባሪ እያየ መጓዙን ከተናገረ በኋላ በሰሜን ሰላማዊ ውቅያኖስ ያለው ክምችት በዓለም ታወቀ። በ2018 የታተመ ጥናት የዚህን ክምችት ስፋት 1.6 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር አድርሶታል፤ የአገራችንን ስፋት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ማለት ነው። ብዙ ሰው "የቆሻሻ ደሴት" ሲባል ሰው የሚቆምበት ነገር ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ፕላስቲኩ ውሃው ላይ ተበትኖ የሚንሳፈፍ እንጂ የተቆለለ አይደለም፤ አብዛኛው ቁራጭም ትንንሽ ነው። ለማጽዳት የሚያስቸግረውም አንዱ ምክንያት ይኸው መበታተኑ ነው።

ዊዝደም የተባለችው ወፍ

በዚሁ ውቅያኖስ ላይ ሚድዌይ የተባለች ትንሽ ደሴት አለች። በታሪክ የምትታወቀው በ1942 አሜሪካና ጃፓን ባደረጉት የባሕር ኃይል ውጊያ ነው። በሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ዘንድ ግን የምትታወቀው ላይሳን አልባትሮስ የተባሉ ወፎች በመቶ ሺህዎች ተሰብስበው የሚራቡባት ደሴት በመሆኗ ነው። አልባትሮስ ክንፏ ሲዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በዓመት ከአንድ እንቁላል በላይ አትጥልም። እናትና አባት እየተፈራረቁ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በርረው ያገኙትን ስኩዊድና የዓሣ እንቁላል በጉሯቸው ይዘው ይመጡና በጫጩቷ አፍ ውስጥ ያስመልሱላታል።

በታኅሣሥ 1956 ቻንድለር ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ በዚህች ደሴት ላይ አንዲት አልባትሮስ እግር ላይ የቁጥር ቀለበት አሰሩ። ወፏ ያን ጊዜ እንቁላል ታቅፋ ስለነበር ዕድሜዋ ቢያንስ 5 ዓመት እንደሚሆን ተገመተ። በ2002 እኚሁ ሰው እዚያው ደሴት ላይ ያንኑ ወፍ መልሰው አገኟት! ኋላም ዊዝደም ተባለች፤ ጥበብ ማለት ነው። በ2024 መጨረሻ ዊዝደም ከ70 ዓመት በላይ ሆኗት ሌላ እንቁላል ጥላ ተገኘች፤ በ2025 መጀመሪያም ጫጩት ፈለፈለች። በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከሚታወቅ የዱር ወፎች ሁሉ ትልቋ እርሷ ናት።

እስቲ ይህን ከላይ ካየነው ቁጥር ጋር እናገናኘው። ዊዝደም ስትፈለፈል ዓለም በዓመት የሚያመርተው ፕላስቲክ 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። እርሷ አንድ ዕድሜ ሳትጨርስ 380 ሚሊዮን አለፈ። የፕላስቲክ ዘመን የሚባለው በሙሉ በአንዲት ወፍ ዕድሜ ውስጥ የተጠቃለለ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በሚድዌይና በአካባቢዋ ባሉ ደሴቶች ሞተው የተገኙ የአልባትሮስ ጫጩቶች ሆድ ሲከፈት የጠርሙስ ክዳን፣ የሲጋራ መለኮሻ፣ የጥርስ ብሩሽና ምንነቱ የማይለይ ስብርባሪ ይገኛል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1960ዎቹ የተመረመሩ ጫጩቶች ሆድ ውስጥም ፕላስቲክ መገኘቱን የሚገልጽ ጥናት በ1969 ታትሟል። በ2009 ደግሞ ክሪስ ጆርዳን የተባለ ፎቶ አንሺ የጫጩቶቹን ሬሳ እንዳለ አነሳው። ላባውና አጥንቱ በስብሶ አፈር ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ መሀሉ ላይ ያለው ፕላስቲክ ግን ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። እርግጥ ነው፣ የሞቱት ጫጩቶች ሁሉ የሞቱት በፕላስቲክ ነው ማለት አይቻልም፤ በሙቀት፣ በውሃ ጥማትና በሌላም ምክንያት የሚሞቱ አሉ። ነገር ግን ክዳን የያዘ ሆድ ለስኩዊድ የሚተርፈው ቦታ ያንሳል።

ለመሆኑ ለምን ይበሉታል?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን በዓይን፣ በአፍንጫና በጆሮ ከፍለን እንየው።

ሀ. በዓይን። ከአልባትሮስ ምግቦች አንዱ በራሪ ዓሣ የሚባለው እንቁላል ነው። ይህ ዓሣ እንቁላሉን የሚያጣብቀው ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ነገር ላይ ነው። ድሮ ባሕር ላይ የሚንሳፈፈው እንጨትና ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ ቀላል ድንጋይ ነበር። ስለዚህ "ተንሳፋፊ ነገር ካየሽ ውሰጂ" የሚለው የአልባትሮስ ደመ ነፍስ ለብዙ ሺህ ዘመናት ትክክል ነበር። አሁን የሚንሳፈፈው ክዳን ነው። ሌላው ምሳሌ የባሕር ዔሊ ነው። ቆዳ ለበስ የሚባለው ትልቁ የባሕር ዔሊ ዋና ምግቡ ጄሊፊሽ ነው። ጄሊፊሽ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ለስላሳ፣ ውሃ ውስጥ እየተንሳፈፈ የሚሄድ ነገር ነው። ነጭ ፌስታል ውሃ ውስጥ ሲሆን ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት።

ለ. በአፍንጫ። ይህኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ የገረመኝ ነው። ባሕር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን አልጌዎች በዙፕላንክተን ሲበሉ ዳይሜቲል ሰልፋይድ የሚባል ሽታ ያለው ጋዝ ይለቃሉ። ፔትረልና ሺርዎተር የተባሉ የባሕር ወፎች ይህን ሽታ ከሩቅ ያሸቱታል፤ ለእነርሱ "እዚህ ምግብ አለ" የሚል መልእክት ነው። ማቲው ሳቮካና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ጠረፍ ንጹህ የፕላስቲክ እንክብሎችን በመረብ አስረው ባሕር ውስጥ አቆዩ። ሦስት ሳምንት ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ፕላስቲኩ አልጌ አበቀለና ያንኑ ሽታ ማውጣት ጀመረ። በ2016 ያሳተሙት ጥናት እንደሚለው ይህን ሽታ የሚከተሉ ዝርያዎች ከማይከተሉት ይልቅ ስድስት እጥፍ ያህል ደጋግመው ፕላስቲክ ይውጣሉ። በ2020 ደግሞ ባሕር ውስጥ የቆየ ፕላስቲክ ሽታ ለባሕር ዔሊዎች ሲቀርብላቸው ልክ የምግብ ሽታ እንደቀረበላቸው ሆነው ታይተዋል። ስለዚህ ዓይን ብቻ አይደለም የተታለለው።

ሐ. በጆሮ። ጥልቅ ባሕር ጨለማ ነው። እዚያ የሚያድኑ ዓሣ ነባሪዎች ድምፅ ለቀው የገደል ማሚቶውን በመስማት ስኩዊድ የት እንዳለ ያውቃሉ። ተመራማሪዎች ከባሕር የተሰበሰበ ፌስታል፣ ገመድና ሌላ ፕላስቲክ ላይ ተመሳሳይ ድምፅ ልከው ሲለኩ የሚመለሰው ድምፅ ከስኩዊድ ጋር የሚቀራረብ ወይም የሚበልጥ ሆኖ አግኝተውታል። በመጋቢት 2019 ፊሊፒንስ ውስጥ ሞቶ የተገኘ አንድ ጥልቅ ጠላቂ ዓሣ ነባሪ ሆድ ውስጥ 40 ኪሎ ግራም ፕላስቲክ ነበር፤ ከነዚህ ውስጥ 16 የሩዝ ከረጢቶች ይገኙበታል። የዓሣ ነባሪ ጆሮ ስለደነቆረ አይደለም። የሰማው ድምፅ የምግብ ድምፅ ነበር።

ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ

የተዋጠ ፕላስቲክ አይፈጭም። አንዳንዱ አንጀት ይዘጋል፤ ስለት ያለው ይቀዳል። አንጀቷ የተዘጋ የባሕር ዔሊ ሆዷ ውስጥ ጋዝ ይጠራቀምና መጥለቅ ያቅታታል፤ ላይ ተንሳፋ ትቀራለች፤ ምግብ ፍለጋ መውረድም ሆነ ከጀልባ መሸሽ አትችልም። በዚያ ላይ የቆዳ ለበሱ ዔሊ ጉሮሮ ወደ ኋላ በተቀሰሩ እሾህ መሰል ነገሮች የተሞላ ነው። ጥቅሙ የሚያሙለጨልጨውን ጄሊፊሽ ይዞ ማስቀረት ነው። ፌስታል ሲገባ ግን መትፋት የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ ይህችን ዔሊ የጎዳት የአካሏ ጉድለት ሳይሆን በሚገባ መሥራቱ ነው።

ምን ያህል ቢዋጥ ይገድላል? በአውስትራሊያ የሞቱ የባሕር ዔሊዎችን የመረመሩ ሳይንቲስቶች በ2018 ባወጡት ስሌት መሠረት 14 ቁራጭ የዋጠች ዔሊ በዚያው ምክንያት የመሞት ዕድሏ 50 በመቶ ነው። አንድ ቁራጭ እንኳ ዝም ብሎ አይታለፍም፤ ዕድሉ 22 በመቶ ነው።

የማይገድለው ደግሞ ያከሳል። ሆዱ የሞላ እንስሳ "ጠግበሃል" የሚል መልእክት ወደ አንጎሉ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ምግብ ፍለጋውን ይቀንሳል። የአዛውንቱ ንግግር ትርጉም ይኸው ነው። በ2023 ደግሞ ሎርድ ሃው በምትባል የአውስትራሊያ ደሴት የሚገኙ ሺርዎተር ጫጩቶች ላይ የተደረገ ጥናት ሌላ ነገር ጨመረ። ፕላስቲኩ የጨጓራቸውን ግድግዳ ደጋግሞ ስለሚቧጭረው ቁስሉ ጠባሳ እየሆነ፣ ጨጓራው እየደደረ ይሄዳል። አጥኚዎቹ ይህን ራሱን የቻለ በሽታ አድርገው "ፕላስቲኮሲስ" ብለው ሰይመውታል።

የማይበሰብስ መረብ

ጉዳቱ በመብላት ብቻ አያበቃም። ከላይ በጠቀስኩት የሰሜን ሰላማዊ ውቅያኖስ ክምችት ውስጥ በክብደት 46 በመቶ የሚሆነው የዓሣ ማጥመጃ መረብ ነው። ቀድሞ መረብ የሚሠራው ከጥጥና ከቃጫ መሰል ነገሮች ነበር፤ ቢጠፋም በጊዜው ይበሰብሳል። የናይሎን መረብ ግን ባለቤቱ ትቶት ከሄደ በኋላም ሥራውን አያቆምም። ዓሣ ይይዛል፤ የተያዘው ዓሣ ይሞታል፤ ሬሳውን ሊበላ የመጣ ሌላ ዓሣ፣ ዔሊ ወይም ወፍ በተራው ይያዛል። የሚሰበስበው ሰው የለም፤ ወጥመዱ ግን እንደተዘረጋ ነው።

በሃዋይ ደሴቶች ብቻ የሚኖር መነኩሴ ሲል የሚባል የባሕር አጥቢ አለ። በዓለም ላይ የቀረው 1,600 ገደማ ነው። ግልገሎቹ መጫወት ይወዳሉ፤ ተንሳፋፊ ነገር ሲያገኙ አንገታቸውን ያስገባሉ። የሲሎች ፀጉር ወደ ኋላ የተኛ በመሆኑ የገባው ገመድ ወይም የካርቶን ማሰሪያ ላስቲክ ወደ ፊት ተመልሶ አይወጣም። ግልገሉ ያድጋል፤ ማሰሪያው ግን አያድግም። ቀስ በቀስ ቆዳውን ከዚያም ሥጋውን ይቆርጠዋል። ቁጥሩ በሺህ ለሚቆጠር ዝርያ እያንዳንዷ ሴት ግልገል ዋጋ አላት። ለዚህም ነው ባለሙያዎች በየዓመቱ ወደ እነዚያ ሩቅ ደሴቶች እየሄዱ መረብ የሚለቅሙትና የታሰሩትን እየያዙ የሚፈቱት።

በዓይን የማይታየው

የፀሐይ ብርሃን ፕላስቲክን ያደርቀዋል፤ ማዕበል ይሰባብረዋል። ተሰበረ ማለት ጠፋ ማለት ግን አይደለም። በ2004 ሪቻርድ ቶምሰን የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት አጭር ጥናት በባሕር ዳር አሸዋና በውሃ ውስጥ ጥቃቅን የፕላስቲክ ስብርባሪ መኖሩን አሳዩ፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተሰብስቦ በተቀመጠ የፕላንክተን ናሙና ውስጥ ሲፈልጉም መጠኑ ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ መምጣቱን አዩ። ዛሬ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ማይክሮፕላስቲክ ይባላል።

መጠኑ ሲያንስ ጉዳቱ የሚያንስ ይመስላል። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ክዳን መዋጥ የሚችለው ትልቅ እንስሳ ነው፤ ማይክሮፕላስቲክን ግን የምግብ ሰንሰለቱ መሠረት የሆነው ዙፕላንክተን ሳይቀር ይበላዋል። በላቦራቶሪ ኮፔፖድ የተባሉት ፕላስቲክ ቅንጣት ሲበሉ የሚበሉት አልጌ ቀንሷል። ኩሳቸውም ፕላስቲክ ሲኖርበት ወደ ታች የሚሰምጥበት ፍጥነት ይቀንሳል። "ለኩስ ደግሞ ምን ያስጨንቃል?" አትበሉ። ካርቦንን ከውቅያኖስ ገጽ ወደ ጥልቁ ከሚያወርዱት መንገዶች አንዱ ይኸው ኩስ ነው፤ የጥልቁ እንስሳት ምግብም ከላይ የሚወርደው ነው። በተጨማሪም ፕላስቲክ በባሕር ውስጥ ያሉ ቅባት ወዳድ መርዞችን እንደ ፒሲቢ ያሉትን ወደ ራሱ ይስባል። ከሰባቱም የባሕር ዔሊ ዝርያዎች በተወሰደ ናሙና ሆድ ዕቃቸው ውስጥ ሰው ሠራሽ ቅንጣት ተገኝቷል።

በ2020 ከማሪያና ሸለቆ ከ6,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የተያዘ አንድ ትንሽ ፍጡር ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ሆኖ ተመዘገበ። የውሃ ጠርሙስ ከሚሠራበት ፔት ጋር የሚመሳሰል ቃጫ ሆዱ ውስጥ ስለተገኘ ስሙ ዩሪቴኒስ ፕላስቲከስ ተባለ። ስም ሳናወጣለት ቆሻሻችን ቀድሞን ደርሶታል ማለት ነው።

ናቹራል ሰሌክሽን ለምን አያድናቸውም?

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንድ የክፍል ጓደኛዬ "ቆይ፣ ፕላስቲክ የሚበሉት እየሞቱ የማይበሉት እየተረፉ ሲሄዱ ዝርያው አይለምድም ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ዊዝደም ጋ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ የምናውቃት ድሮዞፊላ በሁለት ሳምንት አንድ ትውልድ ትተካለች። ላይሳን አልባትሮስ ግን መራባት የምትጀምረው አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 9 ዓመት ሲሞላት ነው፤ ከዚያም በዓመት ቢበዛ አንድ እንቁላል። የፕላስቲክ ዘመን በሙሉ ዊዝደም በሕይወት እያለች የሆነ ነገር ነው። ለዝርያው ይህ የጥቂት ትውልድ ጊዜ ነው። ሌላው ችግር ደግሞ "ተንሳፋፊ ነገር አትንኪ" ብላ የምትወለድ ወፍ ብትገኝ ከፕላስቲኩ ጋር የዓሣ እንቁላሉንም ትተዋለች፤ ትራባለች። ምልክቱ ለሁለቱም አንድ ነውና። ኢኮሎጂስቶች እንዲህ ያለውን ነገር የዝግመተ ለውጥ ወጥመድ ይሉታል፦ ያዳነህ ደመ ነፍስ መልሶ ይገድልሃል። ስለዚህ ኳሱ በእንስሳቱ ሜዳ አይደለም። መለወጥ የሚችለው እኛ ነን፤ ፕላስቲኩን ያመጣነውም እኛው ነን።

እኛን ምን አገባን?

"ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ምን አስጨነቀን?" የሚል ሰው አይጠፋም። አንደኛ፣ ወንዝ እንጂ ባሕር የለንም ማለት ከባሕር አልተገናኘንም ማለት አይደለም። አዋሽ እዚሁ ይቀራል፤ ዓባይና ባሮ ግን በናይል በኩል የሜድትራኒያንን ባሕር፣ ገናሌ ደግሞ በጁባ በኩል የሕንድ ውቅያኖስን ይቀላቀላሉ። መንገድ ላይ ግድብ የሚያስቀረው ቢኖርም የተንሳፋፊ ነገር አቅጣጫ ወደ ታች ነው። ሁለተኛ፣ ወንዙ የማይወስደው እዚሁ ይቀራል። በ2020 የታተመ ጥናት ዝዋይ ሐይቅ ላይ ከተመረመሩት ዓሦች ውስጥ ከሦስት አንዱ ገደማ ፕላስቲክ መዋጡን አሳይቷል። የበሬውን ነገር ደግሞ ነግሬአችኋለሁ። የዓሣ ነባሪውን የገደለው የሩዝ ከረጢትና በበሬው ጨጓራ ውስጥ የተገኘው የማዳበሪያ ክር አንድ ዓይነት ዕቃ ነው።

አገሮች ዝም አላሉም። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 ፌስታል ከልክለዋል። በእኛም አገር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን የፕላስቲክ ከረጢት የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። በዓለም ደረጃ ግን ሁሉንም አገር የሚያስር ስምምነት ለማዘጋጀት በ2022 የተጀመረው ድርድር በነሐሴ 2025 በጄኔቫ ያለ ስምምነት ተበትኗል። "የሚበሰብስ" ተብለው የሚሸጡትንም በጭፍን አንመን፤ በ2019 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት እንዲህ የተባሉ ከረጢቶች ሦስት ዓመት አፈር ወይም ባሕር ውስጥ ቆይተው እንኳ ዕቃ መሸከም እንደሚችሉ አሳይቷል።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ የባሕር ወፏ፣ ዔሊዋና ዓሣ ነባሪው የሚሞቱት ስለማያውቁ አይደለም። ዓይናቸው፣ አፍንጫቸውና ጆሯቸው በትክክል እየሠራ ነው የሚሞቱት። ለእነርሱ "ተጠንቀቁ" ማለት አይቻልም። ማለት የሚቻለው ለእኛ ነው።

ስለዚህ እኔ ከራሴ ጀምሬያለሁ። ገበያ ስሄድ ዘንቢል ይዤ ነው። ባዶ ሃይላንድ ስሰጥ ክዳኑን አጥብቄ ገጥሜ ነው ለቆራሌው የማስረክበው፤ ክዳኑ ለብቻው ከተጣለ የሚንሳፈፈው እርሱ መሆኑን ስላወቅሁ። ትምህርት ክፍላችንም በየብሎኩ አንድ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ቢያስቀምጥና የግቢያችንን ቦይ በወር አንድ ቀን ብንለቅም ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። ይህ ብቻውን ውቅያኖስን አያጸዳም፤ አውቃለሁ። ግን በሚቀጥለው ፋሲካ የአንድ በሬ ጨጓራ ሲከፈት ሣር ብቻ ቢገኝ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።